ሩብ ፍሬ፣ ሦስት ሳምንት

እሑድ ከረፋዱ በኋላ ዱከም የእንግዳ ከተማ ናት። ከአዲስ አበባ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የመጡ መኪኖች በአሮጌው የአዳማ መንገድ ግራና ቀኝ በሥጋ ቤቶቹ ደጃፍ ይደረደራሉ። ቢላዋ ይሳላል፣ ብርንዶ ይቆረጣል፣ አዋዜና ሚጥሚጣ ይቀርባል፤ ከጎኑ ድራፍቱም አረቄውም አይጠፋም። ሰኞ ማለዳ መንገዱ ሌላ ነው። ከምሥራቅ ኢንዱስትሪ ዞን የሌሊት ፈረቃ ሠራተኞች ዓይናቸውን እያሹ ሲወጡ የቀኖቹ ይገባሉ። ወደ ቃሊቲ በሚሄዱት ሚኒባሶች ውስጥም የሆስፒታል ካርድና የታጠፈ ማዘዣ የያዙ ሰዎች ይሳፈራሉ። ከእነዚህ ማዘዣዎች አንዳንዱ ከሌላው ይለያል። እንደ ሕመም ማስታገሻው በተራ ወረቀት አይጻፍም፤ ፋርማሲውም ቆጥሮ ያስረክበዋል፣ ወረቀቱንም ያስቀራል። በወረቀቱ ላይ የተጻፈው ብዙ ጊዜ ዳያዜፓም ነው። አንዳንዱ በመጀመሪያው የንግድ ስሙ ቫሊየም ይለዋል፣ ሌላው በደፈናው “የነርቭ መድኃኒት”፣ ሌላው ደግሞ “የእንቅልፍ ኪኒን”። ሰው ወደዚህ መድኃኒት እንዴት እንደሚገባ ብዙ ተነግሯል። እንዴት እንደሚወጣ ግን ሲነገር የሚሰማው እምብዛም ነው፤ አደጋው ያለው ደግሞ በመውጫው ላይ ነው።

የምከራከርበት ነጥብ አንድ ነው። እንደ ዳያዜፓም ያለ የጭንቀት መድኃኒትን በድንገት ማቋረጥ አደገኛ የሆነው ምልክቱ ስለሚከብድ ብቻ አይደለም፤ ዘግይቶ ስለሚመጣም ነው። ዘግይቶ ስለሚመጣ ደግሞ በራሱ ስም አይጠራም። በከተሞቻችን መድኃኒት በማቋረጥ የመጣ ሥቃይ አንዴ ጨጓራ ይባላል፣ አንዴ ታይፎይድ፣ አንዴ “በሽታው ተመለሰ”፣ አንዴም መንፈስ። ስሙ ከተሳሳተ ሕክምናውም ይሳሳታል። መድኃኒቱን ለወራት በጥቂት በጥቂቱ መቀነስ ጥቅሙ ምልክቱን ማሳነሱ ብቻ አይደለም። ምልክቱ ከየት እንደመጣ በግልጽ እንዲታይም ያደርጋል። መቼ ስንት እንደተቀነሰ የሚያውቅ ሰው በዘጠነኛው ቀን እንቅልፍ ሲያጣ ለምን እንዳጣ ያውቃል።

ነገሩን ለመረዳት ከዱከም አስፋልት የተሻለ ማሳያ አላገኘሁም። ከአዲስ አበባ ወደ ጅቡቲ የሚወርድ የጭነት መኪና አስቡ። የአንጎላችን ሴሎች ሥራቸውን የሚሠሩት በነዳጅና በፍሬን ነው፤ ዋናው ፍሬን ጋባ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። ዳያዜፓምና ዘመዶቹ (አልፕራዞላም፣ ሎራዜፓም፣ ክሎናዜፓም፣ ብሮማዜፓም) ይህን ፍሬን ያጠብቁታል። ስለዚህ ልብ ይረጋል፣ ጡንቻ ይላላል፣ እንቅልፍ ይመጣል። አንጎል ግን ሞኝ ሾፌር አይደለም። ፍሬኑ ለሳምንታት ተረግጦ ሲቆይ መኪናውን ለማስኬድ ነዳጁን ይጨምራል፣ ፍሬኑን ራሱንም ያላላዋል። በዚህ ሁኔታ እግር ከፍሬኑ ላይ በድንገት ሲነሳ የሚሆነውን ለሾፌር ማስረዳት አያስፈልግም። እግሩ ቀስ እያለ ከተነሳ ግን አንጎል ነዳጁን የሚቀንስበት፣ ፍሬኑንም መልሶ የሚያጠብቅበት ጊዜ ያገኛል።

ይህ አዲስ ግኝት አይደለም። የመድኃኒቶቹ የመጀመሪያው፣ ሊዮ ስተርንባክ የተባለ ኬሚስት በሆፍማን ላ ሮሽ ኩባንያ የሠራው ክሎርዲያዜፖክሳይድ፣ ገበያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው፤ ቫሊየም በ1963 ተከተለ። ገና በ1961 ሆሊስተር የተባለ አሜሪካዊ ሐኪምና ባልደረቦቹ ክሎርዲያዜፖክሳይድን በከፍተኛ መጠን ለወራት ሲወስዱ ከነበሩ ሕሙማን 11ዱን በድንገት ወደ ባዶ ኪኒን አዛወሯቸው። ዛሬ እንዲህ ያለውን ሙከራ የሚፈቅድ የሥነ ምግባር ኮሚቴ ያለ አይመስለኝም። ከ11ዱ 10ሩ ላይ ቀድሞ ያልነበረ ምልክት ታየ፤ ሁለቱን ጣላቸው፣ አንቀጠቀጣቸው። ከውጤቱ ሁሉ ልብ ሊባል የሚገባው ቀኑ ነው፤ መንቀጥቀጡ የመጣው መድኃኒቱ በቆመ በሰባተኛውና በስምንተኛው ቀን ነበር። ዓለም ይህን ማስረጃ ይዞ ከ20 ዓመት በላይ ኪኒኑን እንደ ከረሜላ ሲያድል ኖረ። የእንግሊዝ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በላይ አይታዘዝ ያለው በ1988 ነው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ስለ ጥገኝነቱና ስለ ማቋረጡ አደጋ በመድኃኒቱ መግለጫ ላይ ጥብቅ ማስጠንቀቂያ በሳጥን አስከብቦ ያጻፈው ደግሞ በ2020 ነው።

የሰባተኛው ቀን ምሥጢር በሒሳብ ይፈታል። የዳያዜፓም ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ ከ20 እስከ 100 ሰዓት ይፈጃል፤ ጉበት ከእሱ የሚያወጣው ሌላ ንጥረ ነገርም እንደ መድኃኒቱ ይሠራል፣ ከዚያም በላይ ይቆያል። ስለዚህ ሰኞ መድኃኒቱን የተወ ሰው ማክሰኞ ደህና ነው፤ ረቡዕም ደህና ነው። “እንዲያውም ያለ እሱ መኖር እችል ኖሯል” ይላል። በቀጣዩ ሳምንት መጀመሪያ እንቅልፍ ይጠፋል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይደልቃል፣ አንገትና መንጋጋ ይገታተራል፣ ጆሮ ይጮኻል፣ የመብራት ብርሃን ዓይን ይወጋል፣ ሆድ ይረበሻል። ሰውየው ያን ጊዜ መድኃኒቱን ረስቶታል። ሆዱን ሲያመው ጨጓራ ነው ይባላል፤ ሲያልበውና ሲደክመው ለታይፎይድና ለታይፈስ ደም ይሰጣል፣ አንቲባዮቲክ ይዞ ይወጣል። አልፕራዞላምን የመሰሉት ቶሎ የሚወጡ ናቸው፤ የእነሱ ምልክት በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ ስለሚመጣ ሰው ምክንያቱን ይጠረጥራል። ዘግይቶ የሚያታልለው ዳያዜፓም ነው። የሚገርመው፣ ቀስ ብሎ ለመውጣት የሚመረጠውም ይኸው ዳያዜፓም መሆኑ ነው። በእንግሊዝ ኒውካስል ከእ.ኤ.አ. 1982 ጀምሮ ለ12 ዓመታት ያህል የማቋረጫ ክሊኒክ የመሩት ፕሮፌሰር ሄዘር አሽተን በቶሎ ወጪዎቹ የተቸገሩትን ወደ ዳያዜፓም አዛውረው ከዚያ የሚቀንሱት ለዚህ ነበር። በደም ውስጥ ያለው መጠን በአንዴ ገደል ስለማይገባ ቁልቁለቱ የተሻለ ይሆናል። የሚያዛውረው ሐኪም ግን ሒሳቡን ጠንቅቆ ማወቅ አለበት። በእሳቸው ሠንጠረዥ መሠረት ግማሽ ሚሊግራም አልፕራዞላም ከ10 ሚሊግራም ዳያዜፓም ጋር ይመጣጠናል። ኪኒኗ ትንሽ ስለሆነች መድኃኒቷ ቀላል የሚመስለው ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል።

ቀስ ማለት ስንት ነው? የአሜሪካ የሱስ ሕክምና ማኅበር ከሌሎች የሙያ ማኅበራት ጋር እ.ኤ.አ. በ2025 ያወጣው መመሪያ ከሚወሰደው መጠን ከ5 እስከ 10 በመቶ ቀንሶ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት መቆየትን ለመነሻ ይመክራል፤ በሁለት ሳምንት ከ25 በመቶ በላይ እንዳይቀነስም ይከለክላል። ይህን ወደ ዱከም ጠረጴዛ እናምጣው። በቀን 10 ሚሊግራም የሚወስድ ሰው በእጁ ያለው ባለ 5 ሚሊግራም ፍሬ ነው እንበል። አንዷ ፍሬ ለአራት ብትከፈል ሩቧ 1.25 ሚሊግራም ናት። በየሦስት ሳምንቱ ሩብ ፍሬ ቢቀንስ ስምንት እርምጃ፣ 24 ሳምንት፣ ማለትም ስድስት ወር ይፈጅበታል። የመጀመሪያዋ ሩብ ከ10 በመቶ ጥቂት ታልፋለች፤ ብዙ ሰው ይችላታል። ችግሩ ወደ መጨረሻው ነው፤ ከ2.5 ወደ 1.25 የሚወርድ ሰው ሩብ ፍሬ የቀነሰ ይመስለዋል እንጂ የቀነሰው ግማሹን ነው። ስለዚህ ከግማሽ መንገድ በኋላ እርምጃው ይጠብባል፣ ቆይታው ይረዝማል፤ አነስ ያለ ፍሬ ከተገኘ በዚያ ይቀጠላል፣ አለዚያም ባለሙያው ሌላ መላ ይፈልጋል። “ትንሽ ቀርታኛለች፣ ልጣላት” የሚለው ፈተና የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ እንደሚሄድ የማያውቅ አበሻ የለም፤ ዱከም ላይ ደግሞ በኦሮምኛ “ሱታ ሱታ” ይባላል። መድኃኒት ላይ ሲደርስ ግን ሁላችንም ቸኳዮች ነን። በቀን አንዴ ይበቃናል፣ ሕመሙ ሲሻለን እንተዋለን፣ የተረፈውን ለጎረቤት እንሰጣለን።

ይህን የሚሰማ ሰው የመጀመሪያ ጥያቄው የሚጠበቅ ነው። በሁለት ሳምንት ጥርስ ነክሶ መገላገል እየተቻለ ሥቃዩን ለስድስት ወር ማራዘም ምን ይሉታል? ጥያቄው ሥቃዩ በሁለቱም መንገድ እኩል ነው ብሎ ይነሳል፤ እኩል ግን አይደለም። ባርባራ ጎርደን የተባለች አሜሪካዊት የቴሌቪዥን ፕሮዲዩሰር ለዓመታት የወሰደችውን ቫሊየም በአንድ ቀን ጣለች፤ መጨረሻዋ የአእምሮ ሆስፒታል ሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመችው መጽሐፍም አገሩን አስደነገጠ። ያን ዓመት የአሜሪካ ሴኔት ስለ መድኃኒቱ የአደባባይ ምርመራ አካሂዷል። በድንገት የቆመ ሰው የሚጋፈጠው እንቅልፍ ማጣትን ብቻ አይደለም፤ የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ መቃዠትና ሞት ጭምር ነው። በዝግታ የወረደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያገኘው እየመጣ የሚሄድ ሞገድ ነው፤ ሦስት ክፉ ቀን፣ አምስት ደህና ቀን። ክፉው ቀን ሲበረታ ወደ ላይ መመለስ ግድ አይደለም፤ ባሉበት መጠን ሁለትና ሦስት ሳምንት መጨመር ብዙ ጊዜ ይበቃል። ስድስት ወር ረዝሞ የሚታየው ከሁለት ሳምንት ጋር ሲነጻጸር ነው። መድኃኒቱ ከተወሰደባቸው ዓመታት ጋር ቢነጻጸር አጭር ነው።

በሽታው ተመልሶ ይሆን የሚለው ፍርሃት ከምልክቶቹ ሁሉ የከፋው ነው፤ መሠረት የለውም ማለትም አይቻልም። መለያው ሦስት ነገር ነው። አንደኛው ጊዜ ነው፤ የመቀነስ ምልክት ከቅነሳው በኋላ በቀናት ውስጥ መጥቶ በሳምንታት ይረግባል፣ የጭንቀት ሕመም ግን ቀጠሮ አያከብርም፣ በራሱም ቶሎ አይለቅም። ሁለተኛው ዓይነቱ ነው፤ ከመድኃኒቱ በፊት ያልነበረ የጆሮ ጩኸት፣ የብርሃን ጥላቻ፣ የቆዳ መውረር፣ የጡንቻ መንዘር ከመጣ የመውጫው ምልክት ነው ብሎ መጠርጠር ይቀላል። ሦስተኛው ሂደቱ ነው፤ በእያንዳንዱ ቅነሳ ተመሳሳይ ቅርጽ ይዞ የሚመጣና የሚሄድ ከሆነ የሰውነት ማስተካከያ ነው። ይህን ለመለየት የሚያስፈልገው መሣሪያ አንድ ደብተር ነው። ቀኑ፣ የተወሰደው ፍሬ፣ የተኙበት ሰዓት፣ የቀኑ ክብደት ከአሥር ስንት። ሐኪሙ በአሥር ደቂቃ ቀጠሮ ሊጠይቅ የማይችለውን ደብተሩ ይነግረዋል።

አሁን ወደ ኑሮው እንግባ፤ መቀነስ ሆስፒታል ውስጥ አይካሄድምና። ከሁሉ ቀድሞ ቡና አለ። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ከጎረቤት ጋር ሲጠጡ ያስደስታሉ፤ ካፌይን ግን አንጎል የላላ ፍሬኑን ለማጥበቅ በሚታገልበት ሰዓት ነዳጅ ይጨምራል። የካፌይን ግማሹ ከደም እስኪወጣ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል፤ ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣ ቡና ማታ 3 ሰዓት ግማሹ አለ ማለት ነው። ቡና ተጠርቶ እምቢ ማለት በእኛ አገር ከኪኒን መቀነስ የከበደ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጥሪውን ማክበር፣ የጠዋቱን አቦል መጠጣት፣ ከሰዓት በኋላ ግን ቀጠን ባለችው በረካ መርካት ከጨርሶ እምቢታ ይልቅ የሚዘልቅ ስልት ይመስለኛል። ጫት ከቡና ይከፋል። በውስጡ ያለው ካቲኖን አነቃቂ ነው፤ ምርቃናው ሲወርድ የሚመጣው ድብርትና መነጫነጭ የመድኃኒት ማቋረጥን ምልክት ቁጭ ይመስላል። ምርቃናውን ለመስበር የሚጠጣው ጨብሲ ደግሞ ሌላ ወጥመድ ነው። አልኮል ዳያዜፓም የሚነካውን ያንኑ ፍሬን ይነካል። ከኪኒኑ ጋር ሲገናኝ ትንፋሽ እስከማፈን ይደርሳል፤ በኪኒኑ ምትክ ሲወሰድም ሰውን ከአንዱ ገመድ ፈትቶ በሌላው ያስረዋል። እሑድ ዱከም ላይ በብርንዶ ጠረጴዛ ዙሪያ መድኃኒት እየቀነሰ ያለ ሰው ቢኖር ሥጋውን ይብላ፤ አረቄው ይቅርበት።

እንቅልፍ የዚህ ሁሉ ማዕከል ነው። ሞሪን የተባለ ካናዳዊ ተመራማሪና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት በእንቅልፍ መድኃኒት ላይ የቆዩ 76 አረጋውያንን ተከታትለዋል። መድኃኒቱን በመቀነስ ብቻ ከታገዙት 48 በመቶው ተላቀቁ፤ መቀነሱ ከእንቅልፍ ሥነ ባሕርይ ሕክምና ጋር ሲጣመር ቁጥሩ 85 በመቶ ደረሰ። ሕክምናው ማሽን አያስፈልገውም። የመነሻ ሰዓትን በየቀኑ አንድ ማድረግ፣ እንቅልፍ ሲመጣ ብቻ መተኛት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ተገላብጠው ካልመጣ ተነስቶ በደብዛዛ ብርሃን መቀመጥ፣ አልጋን ለእንቅልፍ ብቻ መተው ነው። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አልጋው ሶፋም ጠረጴዛም ለሆነበት ቤተሰብ የመጨረሻውን ምክር መስጠት ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢያንስ ቀን ቀን አልጋው ላይ ጋደም አለማለት ይቻላል። ለፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ ከዚህ የሚቀድም ነገር አለ። ፈረቃ በሚቀየርበት ሳምንት መጠን አይቀነስም። በሌሊት ሥራ ሰዓቱ የተዛባ አንጎል ሁለት ማስተካከያ በአንዴ አይችልም፤ የመቀነሻው ቀን የቀን ፈረቃ የሚረጋበት ሳምንት ይሁን።

ድንገተኛው የፍርሃት ማዕበል ሲመጣ ሰው አየር ያጠረው መስሎት በፍጥነት ይተነፍሳል። ያን ጊዜ ያጠረው አየር ሳይሆን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ከልክ በላይ ስለወጣ ጣትና የከንፈር ዙሪያ ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል፣ ድንዛዜው ደግሞ ፍርሃቱን ያባብሳል። በአፍንጫ አስገብቶ፣ ከገባበት በረዘመ ጊዜ ቀስ ብሎ ማስወጣት፣ ይህን አምስት ደቂቃ መደጋገም ሰንሰለቱን ይበጥሰዋል። በእግር መሄድም ይረዳል። መታገሥ የማይገባው ነገር ግን አለ። የሚጥል መንቀጥቀጥ፣ ሰውን አለመለየት፣ የሌለ ነገር ማየትና መስማት፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጡ ደብተርም ትንፋሽም አይበቁም፤ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል መሄድ ነው።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከቤተሰብ ይመጣል፤ “ሱሰኛ ሆነሃል፣ ወኔ የለህም” የሚል። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ተደባልቋል። ሱሰኛ መጠኑን እየጨመረ፣ ኑሮው እየፈረሰም ነገሩን ሲያሳድድ የሚኖር ነው። ታዞለት በታዘዘው ልክ ለሁለት ዓመት የወሰደ ሰው ግን ሰውነቱ ለምዶታል፤ የልማዱ ምክንያት ትእዛዝ ማክበሩ ነው። የደም ግፊት መድኃኒትም በድንገት ሲቆም ግፊቱ የሚያሻቅብ ዓይነት አለው፤ ያን ሰው ወኔ ቢስ የሚለው የለም። ስድቡ ሥራ ላይ ሲውል ውጤቱ ምን እንደሆነ ማየት አይከብድም። ሰውየው ወኔ እንዳለው ለማሳየት ኪኒኑን በአንድ ቀን ይጥላል፣ በሰባተኛው ቀን ይወድቃል።

ሦስተኛው በጥንቃቄ የሚያዝ ነው፤ ፀበል። በአዲስ አበባ ሰሜናዊ አፋፍ ላይ ያለው የእንጦጦ ፀበል በዓመት ስንት ሕመምተኛ እንደሚያስተናግድ የአካባቢው ሰው ያውቃል። ፀበል የሚገባ ሰው መድኃኒቱን ቤት ትቶ መሄድን እንደ እምነት ማረጋገጫ ሲቆጥር ይታያል። የዳያዜፓም ሒሳብ እዚህ ላይ ክፉ ቀልድ ይቀልዳል። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰላም ናቸው፣ ሰውየው ድኛለሁ ይላል፤ በሱባኤው ሁለተኛ ሳምንት መንቀጥቀጥና መጮኽ ሲጀምር ምልክቱ የመንፈስ ሥራ ተብሎ ይተረጎማል፣ መድኃኒቱን ማንም አያስታውስም። ይህን ስል ፀበልን መቃወሜ አይደለም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ ሕመምተኞች መድኃኒታቸውን ከፀበል ጋር አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናግረዋል፤ ሁለቱ አይቃረኑም የሚለው ቃል ከቤተ ክርስቲያኒቱ አናት ወጥቷል ማለት ነው። ለኤችአይቪ የተባለው ለጭንቀት መድኃኒት የማይባልበት ምክንያት አይታየኝም። ጾምም ቢሆን እንቅፋት አይሆንም። የሚወሰድበትን ሰዓት ከሐኪም ጋር ወደ ማታ ማዛወር ሲቻል መጠኑን መዝለል አያስፈልግም።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ግን ከሳይንሱ ራሱ የመጣው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 በአሜሪካ የታተመ ትልቅ ጥናት መድኃኒቱን ለረጅም ጊዜ በተረጋጋ ሁኔታ ሲወስዱ ከነበሩ ከ350 ሺህ በላይ ሰዎች መካከል ያቋረጡት በዓመት ውስጥ የመሞት ዕድላቸው ከቀጠሉት 1.6 እጥፍ ያህል ሆኖ አግኝቶታል። ታዲያ መድኃኒቱን ማስቆም ለምን ይሰበካል? ጥናቱ ከመዝገብ የተወሰደ ነው፤ ሰዎቹ ለምን እንዳቆሙ፣ በስንት ጊዜ እንዳቆሙ፣ ከጎናቸው ማን እንደነበረ አይነግረንም። ቢሆንም ገሸሽ አላደርገውም። ከእሱ የምወስደው ትምህርት ማንም ተገዶ መቀነስ እንደሌለበት ነው። የሚጥል በሽታ ያለበት፣ ነፍሰ ጡር፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለበት ሰው ጉዳይ ለብቻው ይታያል፤ አንዳንዱም ባለበት ቢቀጥል ይሻለዋል። በሌላ በኩል መድኃኒቱ ከእርጅና ጋር ሲገናኝ መውደቅንና የአጥንት ስብራትን እንደሚያበዛ፣ ማስታወስን እንደሚያዳክም የታወቀ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ይቀርባል፤ መልሱ “ልቀንስ” ከሆነ ግን መንገዱ አንድ ነው፣ ዝግታ።

“ይህ ሁሉ ለዱከም ሰው ቅንጦት ነው” የሚል ይኖራል። በአገራችን ትልቁ ችግር መድኃኒት መብዛቱ ሳይሆን ሕክምና አለመኖሩ ነው፤ እውነት ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመው የአማኑኤል ሆስፒታል ለአሥርተ ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሆስፒታል ሆኖ ኖሯል። ስሙ ራሱ ስድብ እስኪሆን ድረስ፣ “አማኑኤል ገባ” ማለት አበደ ማለት እስኪሆን ድረስ። አዲስ አበባን ከከበቡት ከተሞች ቡራዩ በኩል ያለው የገፈርሳ ማገገሚያ ማዕከል ለከባድና ለቆየ ሕመም ነው እንጂ ኪኒን ለሚቀንስ ሠራተኛ አይደለም። የሥነ አእምሮ ሐኪሞችን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ማሠልጠን የተጀመረው ከቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ታዲያ በየሦስት ሳምንቱ ከዱከም መርካቶ ጫፍ ያለው አማኑኤል ድረስ ማን ይመላለሳል? መልሱ፣ መመላለስ አያስፈልግም ነው። በስፔን ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ፣ 532 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ተራ የጤና ጣቢያ ሐኪሞች አንድ የተዘጋጀ ምክክርና የቅነሳ መርሐ ግብር ሲሰጡ በዓመቱ 45 በመቶው መድኃኒቱን ትተዋል፤ እንደ ወትሮው ከታከሙት የተዉት 15 በመቶ ነበሩ። በዚያው ዓመት የታተመ፣ በካናዳ ኬቤክ የተካሄደ ጥናት ደግሞ ከዚህም ያነሰ ነገር ሞክሯል። በፋርማሲዎች በኩል ለተገኙ አረጋውያን የመድኃኒቱን ጉዳትና የመቀነሻውን ሥዕላዊ ሰንጠረዥ የያዘ ትንሽ መጽሐፍ ተላከላቸው። በስድስት ወር 27 በመቶው አቆሙ፤ መጽሐፉ ካልደረሳቸው 5 በመቶ። ይህ የሚጠይቀው ወረቀት፣ ቀለምና በሰውየው ቋንቋ መጻፍን ነው፤ በዱከም በኦሮምኛም በአማርኛም። የጤና ጣቢያ ነርስ በስልክ “የስንተኛው ሩብ ላይ ነህ?” ብላ ብትጠይቅ የቀጠሮውን ግማሽ ትተካለች። ሕክምናው የጠፋበት አገር ይህን ችላ ማለት የለበትም የምለው ለዚህ ነው። የአእምሮ ሕክምና ወደ ጤና ጣቢያ ሲወርድ የመድኃኒቱ ማዘዣም አብሮ ይወርዳል። መግቢያው ተከፍቶ መውጫው ካልተነገረ የነገ ችግር ዛሬ እየተዘራ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ቀስ ማለትን በአንድ ቃል የሚያፈርስ ነገር አለ፤ “አልቋል”። ሰውየው ወኔ አላጣም፣ ደብተሩን ሞልቷል፣ ጨብሲውን ትቷል፤ ፋርማሲው ግን መድኃኒቱ አልገባለትም። ሩብ ፍሬ በየሦስት ሳምንቱ ሲቀንስ የቆየ ሰው ያን ቀን ከመሰላሉ ተገፍቶ ይወድቃል። ስለዚህ ይህን እያነበባችሁ ያላችሁ መድኃኒቱን የምትወስዱ ሰዎች፣ ዛሬ ማታ ፍሬዎቻችሁን ቁጠሩ። ከሁለት ሳምንት በታች ከቀረ ለቀጠሮው ቀን አትጠብቁ፤ አሁኑኑ ወደ ሐኪማችሁ ሂዱ። ቆጣሪው ጀርባ የቆማችሁ ፋርማሲስቶችም፣ የዳያዜፓም ማዘዣ ለያዘ ሰው “አልቋል” ብላችሁ ከመመለሳችሁ በፊት በእጁ ስንት ቀን እንደቀረው ጠይቁት፤ የት እንደሚያገኝ ወይም ለማን መደወል እንዳለበትም ጽፋችሁ ስጡት።